አዴ ፋጡማ ቤት የሚቀመጠው መድኃኒቴ

ስኳር ሰውን ቁጡ ያደርጋል ይባላል። እኔ ግን ስኳሩ ሳይመጣም ቁጡ ነበርኩ። ባለቤቴ ዘነበች «አንተን የያዘህ በርበሬ ነው፤ ሐኪሞቹ ተሳስተው ነው ስኳር ያሉት» እያለች ትቀልድብኛለች። ሐረር ውስጥ ባጃጅ ነጂ ነኝ። ቁልቁለቱ፣ ጠባቡ መንገድ፣ መሃል አስፋልት ላይ ቆሞ የዘመድ አዝማዱን ደህንነት የሚጠይቀው እግረኛ፣ ተደማምረው መልአክንም ያስቆጣሉ። አርፎ መቀመጥ ደግሞ አልችልበትም። ተራ ስጠብቅ እንኳ ወርጄ ጎማ እየመታሁ በባጃጄ ዙሪያ እዞራለሁ። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ፣ ያን ሐሙስ እጄ ሲንቀጠቀጥ ንዴት ነው ብዬ ለምን እንዳለፍኩት እንዲገባችሁ ነው።

የምንኖረው ከድሮው ከተማ ግንብ በሮች አንዱ በሆነው ፈላና በር አጠገብ ነው። በግቢው አንደኛው ወገን እኛ አለን፣ በሌላው አዴ ፋጡማ። አዴ በእኛ ከተማ ለትልቅ ሴት የሚሰጥ የአክብሮት መጠሪያ ነው። ባላቸው ከሞቱ፣ ልጆቻቸውም ድሬዳዋ ከገቡ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው፤ ብቻቸውን ናቸው ማለት ግን ለወጉ ያህል ነው፣ ቤታቸው ሰው አይጠፋም። የእኛ ፍሪጅ መብራት ሄዶ ሲመለስ ተቃጠለና ኢንሱሊኔን የት እንደማስቀምጥ ከዘነበች ጋር ስንነጋገር ሰሙን። መጥተው ብልቃጡን ከእጄ ወሰዱት።

«እኔ እያለሁ የት ልታደርገው ነው? ልጅ ነህ እንዴ?» አሉኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት በራቸውን እቆረቁራለሁ፣ ብልቃጡን ይሰጡኛል፣ በመዳፌ አንከባልዬ እዚያው ደጃፋቸው ላይ ሆዴን እወጋና እመልስላቸዋለሁ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባል የለ።

በዚያ ዓመት ሁዳዴና ረመዳን አንድ ላይ ገጠሙ። ግቢው በሙሉ ጾመኛ ሆነ፣ ከእኔ በቀር። የንስሐ አባቴም ሐኪሞቹም ጠዋት ሳትበላ እንዳትወጣ ብለውኛል። እየበላሁ ግን የምሰርቅ ያህል ይሰማኝ ነበር። ዘነበች ሽሮዋን በር ዘግታ ነው የምታቀርብልኝ።

ጤና ጣቢያችን በዚያው ሰሞን ስኳርና ግፊት ያለብንን ሰዎች በቡድን መከታተል ጀምሮ ነበር። የጤና መኮንኑ ያሬድ አለ፣ እኛ ዶክተር የምንለው፤ ገና ወጣት ነው። ሲስተር ሕይወት ትለካናለች፣ ስለ ምግብና ስለ እግራችን ትመክረናለች። ነጂብ መድኃኒቱን ይሰጠናል። ኬሪያ ደግሞ የሰፈራችን የጤና ኤክስቴንሽን ናት፤ ከቀጠሮ ብንቀር ቤት ድረስ ትመጣለች። አራት ሰው ለአንድ ስኳር! ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል ይላሉ፤ አንበሳው እኔ መሆኔ ነው እያልኩ አሾፍ ነበር። አንዱ የጠየቀኝን ሌላው ሲደግመው ደሜ ይፈላል።

ረመዳን ከገባ በኋላ ግን ስኳሬ አልወርድ አለ። ውኃ ጥም አቃጠለኝ፣ ሽንት አላስቆም አለኝ፣ ሱሪዬ ከወገቤ መንሸራተት ጀመረ። ዶክተሩ የመድኃኒቱን መጠን ጨመረ። አልወረደም። እንደገና ጨመረ። ወይ ፍንክች።

«ጣፋጭ ይበላሉ?» ትላለች ሲስተር ሕይወት።

«አልበላም።»

«ጋሽ ግርማ፣ መርፌውን አይዘሉም?» ትላለች ኬሪያ።

«አልዘልም።»

ሲያዩኝ ግን እንዳላመኑኝ አውቃለሁ። እኔም ሌሊት ሌሊት እግሬ ሲነዝረኝ፣ እግሩ የተቆረጠውን አንድ የተራ ጓደኛዬን እያሰብኩ እገላበጥ ነበር። እግር የሌለው ባጃጅ ነጂ ምን ይሆናል? ፈራሁ። የፈራሁትን ያህል ተናደድኩ፣ በእኔ ዘንድ ሁለቱ የሚወጡት በአንድ በር ነው።

ሐሙስ ጠዋት ቀጠሮዬ ነበር። ብልቃጡ ስላለቀ ባዶውን ይዤ ሳልበላ ሄድኩ። ሲስተር ሕይወት ጣቴን ወጋችና መለኪያውን አየች። ለዶክተሩ አሳየችው። እሱም አንገቱን ነቀነቀ።

«ጋሽ ግርማ፣ ዛሬ እዚሁ ከፊታችን ይወጉ» አለኝ።

«ለምን?»

«አወጋግዎትን እንድናይ ነው።»

«ዶክተር፣ ውሸታም ነህ እያልከኝ ነው?»

«እንደዚያ አላልኩም። ግን ይህን ሁሉ የሚወጋ ሰው ስኳሩ እንዲህ ሊሆን አይችልም።»

ነጂብ ባዶውን ብልቃጥ ተቀብሎ ሳጥን ውስጥ ከተተና አዲስ ሰጠኝ። ተማሪ ፈተና እንዳይሰርቅ እንደሚጠበቅ ሦስቱም ቆመው እያዩኝ፣ የተጨመረልኝን መጠን በሙሉ ቀድቼ ሆዴን ወጋሁ። ስህተት አላገኙብኝም። ሲስተር ሕይወት ብቻ እስከ በሩ ሸኝታ «አሁኑኑ ቁርስዎን ይብሉ። ከረሜላ ይዘዋል?» አለችኝ። ኪሴን መታ መታ አድርጌ አሳየኋት። ዘወትር አንድ ሁለት ከረሜላ እይዛለሁ፣ እሷ ያስለመደችኝ ነው። ስኳር ከመጠን በላይ ሲወርድ ላብና መንቀጥቀጥ እንደሚመጣ ነግራኝ ነበር፤ ግን የእኔ ስኳር መውጣት እንጂ መውረድ መቼ ያውቃል?

ቤት ሄጄ አዲሱን ብልቃጥ ለአዴ ፋጡማ ሰጠሁ። ዘነበች ቁርስ አቀረበች። ሁለት ሦስት ጉርሻ ብቻ ጎርሼ በንዴት ትሪውን ገፋሁት። ተነሳሁና ሥራ ገባሁ።

ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ ከያሬድ ጋር ስጨቃጨቅ ዋልኩ። እሱ ጤና ጣቢያ ነው፣ እኔ መሪ ላይ፤ ያላልኩትን ሁሉ አልኩት። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ተሳፋሪ በዛ፣ ደግሞም በጾመኛ መሃል የምበላበት ቦታ ፍለጋ መዞሩ ሰለቸኝና ተውኩት። ከሰዓት በኋላ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ይኸው፣ አናደው በሽተኛ አደረጉኝ አልኩ። ላብ በጀርባዬ ወረደ። ፀሐይዋ ናት አልኩ።

በዚህ ጊዜ ነው ከአዲሱ ከተማ አንድ ሽማግሌ ያሳፈርኩት። ስማቸው ኡመሬ እንደሚባል በኋላ ነው ያወቅሁት፤ የድሬ ጠያራ ገበሬ ናቸው። ሽርጥ አገልድመው፣ በአንድ እጃቸው ከዘራ በሌላው ላስቲክ ይዘዋል። ላስቲኩ ውስጥ ለማፍጠሪያ የገዙት ተምር ነበር። ፈላና በር አድርሰኝ፣ አንድ ዘመድ ጠይቄ ወደ ሀገሬ እገባለሁ አሉኝ።

መንገዱን ከእጄ መዳፍ በላይ አውቀዋለሁ። ፈላና በርን ግን አለፍኩት።

«ያ ኢልማ፣ በሩን አለፍከው እኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው።

«እመለሳለሁ» አልኩ። ዞርኩ። እንደገና አለፍኩት።

«አቦ፣ ምን ሆነሃል?»

«መንገዱን እኔ ነኝ የማውቀው!» ብዬ ጮህኩባቸው። አባቴን በሚያህሉ ሰው ላይ። የራሴ ድምፅ ከሌላ ቤት የሚመጣ መሰለኝ። አንድ እጄ ኪሴ ገብቶ ከረሜላውን ይዞ ነበር። የሲስተር ሕይወት ነገር ብልጭ ብሎብኛል፤ ይህ ንዴት ላይሆን ይችላል የሚል ሐሳብ መጥቷል። ግን መስታወቱ ውስጥ የሽማግሌው የደረቀ ከንፈር ይታየኛል። በረመዳን፣ በዚያ ፀሐይ፣ ከጾመኛ ፊት ከረሜላ ልጦ መምጠጥ! በእኛ ከተማ ያደገ ክርስቲያን ይህን አያደርግም። እናቴ በልጅነቴ በረመዳን ቆሎ ይዤ ደጅ ስወጣ ቆንጥጣ ትመልሰኝ ነበር። ይውረዱና እበላዋለሁ አልኩ። ከረሜላውን ጨብጬ ነዳሁ።

ከፊታችን መንገዱ ቁልቁል ይወርዳል። ከታች ሴቶች ሽንኩርትና ቲማቲም ዘርግተው ተቀምጠዋል። አያቸዋለሁ፣ ግን ፍሬን የሚባለው ነገር የት እንዳለ ጠፋኝ። ሽማግሌው ከኋላ ተንጠራርተው ክንዴን ከነመሪው ወደ ግራ ሳቡት። ባጃጁ የግንቡን ድንጋይ እየፋቀ ሄዶ ቆመ።

ወርደው መጡ። ይመቱኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን የጨበጥኩትን እጅ ፈልቅቀው ከፈቱት። ከረሜላው በላብ ርሶ ወረቀቱ ላይ ተጣብቋል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ስኳር… ስኳር አለብኝ። መብላት ነበረብኝ።»

«እና ለምን አልበላህም?»

«እርስዎ ጾመኛ ነዎት።»

ትንሽ አዩኝ። ከዚያ ተቆጡ፣ ከእኔ ቁጣ የሚበልጥ ቁጣ።

«የእኔ ጾም ያለው በእኔ አፍ ነው ወይስ በአንተ አፍ? አላህ አንተን ገድዬ እንድጾም አዞኛል? አፍህን ክፈት!»

ከረሜላው አልላጥ ሲላቸው ወረወሩትና ላስቲካቸውን ቀደዱ። ተምሩን ፍሬውን እያወጡ አንድ በአንድ አፌ ውስጥ ከተቱ። «አኝክ» ይሉኛል፣ «አኝክ፣ አትተኛ»። ሽንኩርት ሻጮቹ ሮጠው መጡ፤ ከአንድ ቤት በብርጭቆ ስኳር የተበጠበጠበት ውኃ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ያለው ተቆራርጦ ነው የሚታወሰኝ። አንድ የተራ ጓደኛዬ በራሱ ባጃጅ ወሰደን። ሽማግሌው ጭንቅላቴን ደረታቸው ላይ ደግፈው፣ ዱዓ እያደረጉ አብረውኝ ሄዱ።

በደንብ ስነቃ ጤና ጣቢያው አልጋ ላይ ነኝ። ግሉኮሱ በክንዴ ይወርዳል። አራቱም ዙሪያዬን ቆመዋል። ዘነበች እግሬን ይዛ ታለቅሳለች፤ ሽማግሌው ወንበር ላይ ከዘራቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል፣ የሀገራቸውን መኪና ትተው።

«ጠዋት ያስወጋኸኝ አንተ ነህ» አልኩት ዶክተሩን፤ ምላሴ ገና ቢኮላተፍም ለጠብ አላነሰም።

አልተከራከረኝም። «በትናንቱና በዛሬው መሃል የተለወጠው ምንድን ነው?» ብሎ ጓደኞቹን ጠየቀ። «መጠኑ ያው ነው። ሰውየው ያው ነው።»

«ብልቃጡ ብቻ ነው» አለች ሲስተር ሕይወት።

ነጂብ ይህን ሲሰማ ወጥቶ ሄደና ጠዋት የመለስኩትን ባዶ ብልቃጥ ይዞ መጣ። ወደ መስኮቱ አቅንቶ አየው፣ ለሌሎቹም አሳያቸው። በብልቃጡ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ እንደ አመዳይ ያለ ነጭ ነገር ተጣብቋል። እኔም አይቼው አውቃለሁ፤ የመድኃኒቱ ጠባይ መስሎኝ ነበር።

«ይሄ ኢንሱሊን በረዶ ሆኖ ያውቃል» አለ ነጂብ። «አንዴ በረዶ ከሆነ ቢቀልጥም አይሠራም። ጠዋት ከእጃቸው ተቀብዬው ሳላየው ጣልኩት።»

ዶክተሩ ግንባሩን ያዘ። «እኔ መጠኑን የምጨምረው በሞተ መድኃኒት ላይ ነበር። ዛሬ የሚሠራው ሲገባ…» አልጨረሰውም።

በዚህ መሃል አዴ ፋጡማ ደረሱ። ኬሪያ ደውላላቸው ነው፤ ነጠላ ጫማቸውን አጣመው ተጫምተው፣ እያለከለኩ ገቡ። አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ የሚያፈጥ ሰው ሲያዩ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ግንባሬን ዳበሱኝ።

ኬሪያ ቀስ ብላ ጠየቀቻቸው፦ «አዴ፣ የጋሽ ግርማ መድኃኒት ፍሪዘር ውስጥ ገብቶ ያውቃል?»

ፊታቸው በራ። ስለ ልፋታቸው የሚጠይቅ ሰው በመገኘቱ ደስ ያላቸው ይመስላሉ።

«እንዴ፣ ረመዳን ከገባ ጀምሮ ማታ ማታ ነው እኮ የማስገባው! መብራቱን ታውቁታላችሁ፤ ቀን ይጠፋና መድኃኒቱ ሲሞቅ ይውላል። ማታ ሲመጣ ከበረዶው መሃል እከተዋለሁ፣ ቅዝቃዜ እንዲጠግብ። ለሱሁር ስነሳ ደግሞ አወጣዋለሁ፣ ልጄ ጠዋት ሲመጣ ለስልሶ እንዲያገኘው። ወላሂ አንድም ሌሊት ረስቼ አላውቅም።»

ነጂብ ብልቃጡን ኪሱ ውስጥ ከተተው። እኚህ ሴት በሌሊት ተነስተው ሱሁራቸውን ከመቅመሳቸው በፊት የእኔን መድኃኒት ያወጡ ነበር። አንዱ በቁጣ እንዳይናገራቸው ፈራሁ፣ አለመናገርም እንደማይቻል አውቃለሁ፤ ያንኑ ቀን የሰጠኋቸው አዲሱ ብልቃጥ ማታ በረዶ ውስጥ ሊገባ ነው።

«ምነው ዝም አላችሁ?» አሉ አዴ ፋጡማ።

የተናገረው ዶክተር ያሬድ ነው። ወደ እሳቸው ጠጋ ብሎ ጎንበስ አለ።

«እናቴ፣ ጥፋቱ የእኛ ነው። አራታችንም ለጋሽ ግርማ ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጥ አልነው። መድኃኒቱን የሚያስቀምጡት ግን እርስዎ ነዎት፤ ለእርስዎ ማንም አልነገረዎትም። ኢንሱሊን ቅዝቃዜ ይወዳል፣ በረዶ ግን ይገድለዋል።»

አዴ ፋጡማ እኔን አዩኝ፣ ግሉኮሱን አዩ። ገባቸው። ኬሪያ ደግፋ አስቀመጠቻቸው።

«አዴ፣ አላህ የሚያየው ኒያ ነው» አሉ ሽማግሌው ኡመሬ ከጥግ። ኒያ ማለት የልብ ሐሳብ ነው።

«ኒያዬ ሊገድለው ነበር» አሉ አዴ ፋጡማ፣ ሻሻቸውን ፊታቸው ላይ ስበው።

የመግሪብ አዛን ሲሰማ ሁላችንም እዚያው ነበርን። ሽማግሌው ከተቀደደው ላስቲክ የተረፈውን ተምር አወጡ። መጀመሪያ ለአዴ ፋጡማ ሰጡ፣ ከዚያ ለኬሪያና ለነጂብ። ቀጥሎ ወደ እኔ ዞሩና «አንተ እንኳ ከሁላችን ቀድመህ አፍጥረሃል» አሉኝ። ዘነበች እያለቀሰች ሳቀች። በባጃጁ ያመጣን ጓደኛዬ ሽማግሌውን እስከ መንደራቸው ሊያደርሳቸው ተስማምቶ ደጅ ይጠብቃቸው ነበር።

ያን ምሽት ቤት ስንገባ አዴ ፋጡማ አዲሱን ብልቃጥ በጨርቅ ይዘው በራችን ላይ አስቀመጡልኝ። «ከእንግዲህ እጄ አይነካውም» ብለው ገቡ። በማግስቱ በራቸውን ብቆረቁር አልከፈቱልኝም። በሚቀጥለውም። ዘነበች የላከችውን ሾርባ መለሱ። አልጋ ላይ ካሳለፍኩት ሰዓት ይልቅ ያ ዝምታ አስጨነቀኝ። ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ስል ዘነበች «መሬቱን ጨረስከው» አለችኝ።

ኬሪያ መፍትሔ ይዛ መጣች። ፍሪጅ የሌለው ሰው እርጥብ አሸዋ በተሞላ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ ኢንሱሊኑን ጥላ ሥር ማስቀመጥ ይችላል። መብራት ቢመጣ ቢሄድ ግድ የለውም። ማሰሮውን አዘጋጅታ «የት እናድርገው?» አለችኝ። አነሳሁትና ግቢውን አቋርጬ አዴ ፋጡማ ደጃፍ ላይ ቁጭ አደረግሁት። እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ፣ ያለ ልማዴ፣ በሩ እስኪከፈት።

ሲከፍቱ ማሰሮውን አይተው ወደ ኋላ አሉ።

«አዴ፣ ዘነበችም እኔም ቀን ቤት አንውልም። አሸዋው ከደረቀ መድኃኒቱ ይሞቃል። ማን ያርስልኛል?»

«ሌላ ሰው ፈልግ። እኔን አትመን።»

«እርስዎን ካላመንኩ ማንን ላምን ነው? ከእኔ መድኃኒት በፊት ሱሁርዎን አስቀድመው ያውቃሉ?»

ዝቅ ብለው አሸዋውን በጣታቸው ነካ አደረጉት።

«ውኃው ምን ያህል ነው የሚሆነው?» አሉ። «ዛሬ በደንብ አስረዱኝ። ለእሱ አይደለም፣ ለእኔ።»

ኬሪያ አስረዳቻቸው። ከዚያ ወዲህ ለቀጠሮ ስሄድ አዴ ፋጡማም አብረው ይሄዳሉ። ዶክተሩ አንድ ነገር ለእኔ ሲነግረኝ «ወደዚህ ዞረህ ንገረኝ፣ የማስቀምጠው እኔ ነኝ» ይሉታል። ነጂብም ባዶ ብልቃጥ ሲቀበል መስኮት ላይ አቅንቶ ሳያይ አይጥልም። አሁን አምስት ሰው ለአንድ ስኳር ሆነዋል፣ እኔም ማሾፌን ትቻለሁ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው ያለ ምክንያት አልነበረም።

አንባቢ ሆይ፣ እንዲህ ያለ በሽታ በቤትህ ካለ አንድ ነገር ልንገርህ። እኔን ሊገድለኝ የነበረው ክፋት አልነበረም። የአዴ ፋጡማ ፍቅርና የእኔ ይሉኝታ ተገናኝተው ነው። የምትወደው ሰው መድኃኒትህን ይዞልህ ከሆነ፣ ሐኪም ያለህን ሁሉ ለእሱም አስተምረው። በሽታህንም ከተሳፋሪህ፣ ከጎረቤትህ፣ ከጾመኛም አትደብቅ። እኔ አሁን በረመዳንም ቢሆን እጄ ከተንቀጠቀጠ ባጃጄን ዳር አስይዤ «ይቅርታ፣ ስኳር አለብኝ» እላለሁ። እስካሁን የተቆጣኝ ጾመኛ የለም። ሁሉም የሚሉኝ ያው ነው፤ «ብላ፣ ብላ»።

ቁጣዬ ግን አልለቀቀኝም። አሁንም ጎማ እመታለሁ፣ አሁንም በባጃጄ ዙሪያ እዞራለሁ። እንዲያውም ጓደኞቼ «ፍሪጅ ገዝተህ አትገላገልም ወይ?» ሲሉኝ እቆጣለሁ። ፍሪጁማ ተገዝቷል፤ ዘነበች ቲማቲም ታስቀምጥበታለች። መድኃኒቴ አዴ ፋጡማ ቤት ነው።